ከድንጋይ ወይስ ከመምህር? የክመር ውዝዋዜ በእራት ገበታ ፊት

አንድ ሕዝብ በረጅም የታሪክ ጉዞው ያፈራው ኪነ ጥበብ በሁለት መንገድ ሊጠፋ ይችላል። አንደኛው መንገድ ግልጽና ጨካኝ ነው፤ የጥበቡን ባለቤቶች በኃይል መጨረስ። ሁለተኛው መንገድ ግን ድምፅ የለውም። ጥበቡ በየምሽቱ እየታየ፣ እየተሸጠና እየተጨበጨበለት፣ ነገር ግን ከዓመት ዓመት እያጠረና እየሳሳ ሄዶ በመጨረሻ ስሙና ልብሱ ብቻ ይቀራል። የካምቦዲያ ሕዝብ ጥንታዊ ውዝዋዜ የመጀመሪያውን ዓይነት ጥፋት ከ1975 እስከ 1979 ባሉት ዓመታት ተጋፍጦ ለጥቂት ተርፏል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ በደጁ የቆመው ሁለተኛው ነው። ይህንንም በቅርብ ለመመልከት ከሲየም ሪፕ ከተማ የተሻለ ስፍራ አይገኝም።

ሲየም ሪፕ በሰሜን ምዕራብ ካምቦዲያ፣ ከታላቁ የቶንሌ ሳፕ ሐይቅ አቅራቢያ የምትገኝ ከተማ ናት። የዓለምን ጎብኚ ወደ እርሷ የሚስበው ከከተማዋ ወጣ ብሎ ያለው የአንግኮር ጥንታዊ ቤተ መቅደሶች ስብስብ ሲሆን፣ ስፍራው በ1992 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጎብኚው ቀኑን በፍርስራሾቹ መካከል ሲዘዋወር ይውላል። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን የሚያመሽበት ቦታ ይፈልጋል። ይህን ፍላጎት ለማሟላት በከተማዋ ያሉ ትልልቅ ምግብ ቤቶችና ሆቴሎች እራትንና ባህላዊ ውዝዋዜን በአንድ ዋጋ አጣምረው ያቀርባሉ። ብዙው መንገደኛ ከክመር ውዝዋዜ ጋር የሚተዋወቀው በቤተ መንግሥት ወይም በትምህርት ቤት ሳይሆን በዚህ ገበታ ላይ ነው። ስለዚህ ገበታው ራሱ ሊጤን የሚገባው ጉዳይ ሆኗል።

በአዳራሹ ውስጥ የሚታየው

ይህ ጸሐፊ በጉዞው አጋጣሚ ከእነዚህ አዳራሾች በአንዱ ታድሟል። አዳራሹ በመቶዎች የሚቆጠሩ እንግዶችን የሚይዝ፣ ረጃጅም ጠረጴዛዎች ወደ መድረኩ አቅጣጫ የተደረደሩበት ነው። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ግድም እንግዳው ሳህኑን ይዞ በምግቡ ዙሪያ ይሰለፋል። በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ በእንፋሎት የበሰለውና በኮኮናት ወተት የራሰው የዓሣ አሞክ፣ በሎሚና በካምፖት ቁንዶ በርበሬ የሚበላው ሎክ ላክ የተባለው የበሬ ሥጋ፣ ነጭ ሩዝ፣ የተጠበሰ ሩዝ፣ ከእነርሱም ጎን ፓስታና ድንች በየተራ ቀርበዋል። የክመር ገበሬ በየዕለቱ ሩዙን የሚያጣፍጥበት፣ ፕራሆክ የተባለው የቦካ ዓሣ ግን ከገበታው ላይ አልነበረም። ሽታው ለእንግዳ ይከብዳል ተብሎ ይመስላል። ይህች ትንሽ ነገር የምሽቱን ጠቅላላ አሠራር ትገልጻለች። የሕዝቡ የሆነው ነገር የሚቀርበው የከፋዩን ምላስ እስካላስቸገረ ድረስ ነው።

እንግዶቹ ገና በመብላት ላይ ሳሉ ፒን ፒያት የሚባለው የሙዚቃ ጓድ መድረኩን ከፈተ። ሮኒያት የተባለው ባለ ጣውላ መሣሪያ፣ በክብ ተደርድረው የሚመቱት የነሐስ ደወሎች፣ ስራላይ የተሰኘው የትንፋሽ መሣሪያና ትልልቆቹ ከበሮዎች በዚህ ጓድ ውስጥ ይገኛሉ። የሁሉም መሪ ሳምፖ ነው። ሳምፖ እንደ እኛ አገር ከበሮ በሁለት ወገን በእጅ የሚመታ ሲሆን፣ ሙዚቀኞቹ እንደ ቅዱስ ዕቃ ያከብሩታል፤ የዜማው ፍጥነትና ማቆሚያ የሚታዘዘውም ከእርሱ ነው።

ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ አምስት ውዝዋዜዎች ተከታትለው ቀረቡ። በመጀመሪያ የምርቃት ውዝዋዜ ወጣ፤ ሴቶቹ ከያዙት ጽዋ የአበባ ቅጠል እየበተኑ እንግዳውን መረቁ። ቀጥሎ ወጣት ወንዶችና ሴቶች የኮኮናት ቅርፊት በእጃቸው እያጋጩ የመንደር ደስታን አሳዩ። ሦስተኛው የዓሣ አጥማጆች ውዝዋዜ ነበር፤ ቅርጫት የያዙ ልጃገረዶችና ወጥመድ የያዙ ጎረምሶች ሥራንና ፍቅርን አንድ ላይ አቀረቡ። አራተኛው ሪያምከር ከተባለው የራማያና ታሪክ የክመር ቅጂ የተወሰደ ሲሆን፣ የዝንጀሮዎቹ ጦር አለቃ ሐኑማን ወደ ላንካ የሚወስደውን የባሕር ላይ መንገድ ሲሠራ፣ ሥራውን እንድታፈርስ ከተላከችው ከግማሽ ዓሣዋ ልዕልት ከሶቫን ማቻ ጋር ሲጋጠምና በመጨረሻም ልቧን ሲማርክ ያሳያል። ምሽቱ የተዘጋው በአፕሳራ ውዝዋዜ ነው። ነጭ የለበሰችው መሪ አክሊሏን ደፍታ በአጃቢዎቿ መካከል ቀስ ብላ ስትንቀሳቀስ፣ ጣቶቿ ወደ ኋላ ታጥፈው እንደ ነበልባል ጫፍ ተቀሰሩ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ሳህንና ሹካ መንኳኳታቸውን አላቆሙም። አስተናጋጆች በጠረጴዛዎቹ መካከል መጠጥ ያዞራሉ፤ አንዳንዱ እንግዳ ለጣፋጭ ምግብ እንደገና ይሰለፋል፤ ብዙው መድረኩን የሚያየው በእጅ ስልኩ መስታወት በኩል ነው። ትርዒቱ ሲያበቃ ተወዛዋዦቹ ከመድረኩ ላይ ሳይወርዱ ቆሙ። እንግዶቹም በተራ እየወጡ ከጎናቸው ፎቶግራፍ ተነሡ። ከዚያ በኋላ አውቶቡሶቹ ሞተራቸውን አስነሡ።

በውበቱ የማይደሰት ሰው ያለ አይመስልም። ጸሐፊውም ተደስቷል። ነገር ግን አንድ ምሽት ያሳየውን ብቻ ሳይሆን የሸሸገውንም መመርመር ያሻል።

በድንጋይ ላይ የተመሠረተ ታሪክ

አስተዋዋቂው የአፕሳራውን ውዝዋዜ ለእንግዶቹ ያስተዋወቀው ከአንግኮር ቤተ መቅደሶች ግድግዳ ላይ የወረደ፣ ሳይለወጥ የቆየ የጥንት ሥራ አድርጎ ነው። ይህ አነጋገር በከተማዋ ሁሉ የተለመደ ነው። ጎብኚውም ቀን በድንጋይ ላይ ያየውን ማታ በሥጋ አየሁ ብሎ ረክቶ ይሄዳል። እውነቱ ግን ከዚህ የበለጠ የተወሳሰበ፣ ከዚህም የበለጠ የሚያስከብር ነው።

ውዝዋዜ በክመር ምድር ጥንታዊ መሆኑ አያጠራጥርም። ከ7ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተቀረጹ የድንጋይ ጽሑፎች ለቤተ መቅደስ ከተሰጡ አገልጋዮች መካከል ተወዛዋዦችን ይቆጥራሉ። ንጉሥ ጃያቫርማን 7ኛ ባሠራው በታ ፕሮም ቤተ መቅደስ የተገኘው የ1186 የድንጋይ ጽሑፍ በስፍራው የመኖር መብት ከነበራቸው 12,640 ሰዎች ውስጥ 615ቱ ተወዛዋዦች እንደነበሩ ይዘረዝራል። ይህ ቁጥር ሁለት ነገር ይነግረናል። አንደኛ፣ ውዝዋዜው የጸሎቱ አካል እንጂ መዝናኛ አልነበረም። ሁለተኛ፣ ተወዛዋዥዋ በመዝገቡ ላይ የሰፈረችው ከሩዙ፣ ከማሩና ከልብሱ ጋር፣ ከቤተ መቅደሱ ሀብት እንደ አንዱ ሆና ነው። የግድግዳው ፈገግታ የማን ፈገግታ እንደነበረ ለመጠየቅ ይህ በቂ ነው።

በ12ኛው ክፍለ ዘመን በሱርያቫርማን 2ኛ ዘመን በታነጸው በአንግኮር ዋት ግድግዳዎች ላይ ወደ 1,800 የሚጠጉ የሴት አማልክት ምስሎች ተቀርጸዋል። ሆኖም ዛሬ በእራት ሰዓት የሚታየው የአፕሳራ ውዝዋዜ የተቀነባበረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ነው። ሥራውን የመሩት የኖሮዶም ሲሃኑክ እናት ንግሥት ሲሶዋት ኮሳማክ ሲሆኑ፣ በዋና ተወዛዋዥነት ዝናን ያገኙት የልጅ ልጃቸው ልዕልት ኖሮዶም ቡፋ ዴቪ ናቸው። ልዕልቲቱ ይህንኑ ውዝዋዜ በፈረንሳዊው ማርሴል ካሙ የ1962 ፊልም ላይ አቅርበውታል፤ ከብዙ ዓመታት በኋላም የአገራቸው የባህል ሚኒስትር ሆነው ሠርተው በ2019 አርፈዋል። ንግሥቲቱና የቤተ መንግሥቱ መምህራት የድንጋዩን ቅርጽ ተመለከቱ፣ በእጃቸው የነበረውን የውዝዋዜ ሕግ ወሰዱ፣ ልብሱን አዘጋጁ፣ ዜማውን መረጡ። የዓሣ አጥማጆቹ ውዝዋዜም ቢሆን በ1960ዎቹ በፕኖም ፔን የሥነ ጥበባት ዩኒቨርሲቲ የገበሬውንና የዓሣ አጥማጁን ሕይወት ባጠኑ ባለሙያዎች የተቀናበረ ነው።

ይህን መናገር ጥበቡን ማሳነስ አይደለም። ይልቁንም ክብሩን ለባለቤቱ መመለስ ነው። ድንጋይ ማንንም አያስተምርም። ከድንጋዩ ፊት ቆማ የጣትን አቅጣጫ ያስተካከለች፣ የሕፃኗን ክንድ ይዛ ያጠፈች፣ ስህተትን ሺህ ጊዜ ያረመች መምህርት ናት ውዝዋዜውን ውዝዋዜ ያደረገችው። የሺህ ዓመት የድንጋይ ታሪክ ለሽያጭ የሚመች ነው፤ የመምህርት ድካም ግን ደመወዝ ይጠይቃል። አንደኛው ጎልቶ ሁለተኛው የሚዘነጋበት ምክንያትም ከዚህ የራቀ አይደለም።

ጥበቡን ለባዕድ ዓይን ማቅረብም የዛሬ ፈሊጥ አይደለም። ካምቦዲያ ከ1863 ጀምሮ በፈረንሳይ ጥበቃ ሥር በነበረችበት ዘመን፣ በ1906 ንጉሥ ሲሶዋት የቤተ መንግሥቱን ተወዛዋዦች አስከትለው ወደ ፈረንሳይ ሄዱ። በማርሴይ የቅኝ ግዛት ኤግዚቢሽን ላይ ልጃገረዶቹ የግዛቱ ሀብት ማሳያ ሆነው ቀረቡ። ታላቁ ቀራጺ ኦጉስት ሮዳን በፓሪስ ካያቸው በኋላ እስከ ማርሴይ ድረስ ተከትሏቸው ወደ 150 የሚሆኑ ንድፎችን ሠርቷል። አንዱ ተመልካች በተወዛዋዧ ውስጥ ንብረትን አየ፤ ሌላው ጥበብን አየ። ትርዒቱ አንድ ነበር፤ ልዩነቱ በተመልካቹ አመለካከት ላይ ነበር። ይህ ቁም ነገር እስከ ዛሬው የእራት አዳራሽ ድረስ ይሠራል።

ከሞት የተረፈው በማን እጅ ነው?

ክመር ሩዦች ሚያዝያ 17 ቀን 1975 ፕኖም ፔንን ሲይዙ ከተማው በቀናት ውስጥ ከነዋሪው ባዶ ሆነ። እስከ ጥር 7 ቀን 1979 በዘለቀው አገዛዛቸው ከ1.5 እስከ 2 ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ በግድያ፣ በረሃብ፣ በበሽታና በግዳጅ ሥራ አለቀ። ይህም ከአገሪቱ ሕዝብ ከአምስት አንዱ እስከ ከአራት አንዱ የሚደርስ ነው። ከኪነ ጥበብ ባለሙያዎቹማ ከአሥሩ ዘጠኙ ሳይተርፉ እንዳልቀሩ በተደጋጋሚ ተገምቷል።

አገዛዙ በገበሬው ስም ይምል ነበር። የቤተ መንግሥቱ ውዝዋዜ የመኳንንት ቅሪት ነው ብሎም ፈረደበት። እዚህ ላይ አንድ ከባድ የአስተሳሰብ ስህተት አለ። ንጉሡ የውዝዋዜው አሠሪና ተመልካች ነበሩ እንጂ ሠሪው አልነበሩም። ወደ ቤተ መንግሥቱ በልጅነታቸው ገብተው ሕይወታቸውን ለጥበቡ ከሰጡት ብዙዎቹ ከተራ ቤተሰብ የወጡ ልጆች ናቸው። ጥበቡ የእነርሱ የሥራ ፍሬ ነው። ጥበብን ከከፈለበት ገዢ ጋር አንድ አድርጎ የሚቆጥር ሰው ገዢውን መታሁ ብሎ የሚመታው ሠራተኛውን ነው። የክመር ሩዥ ፍርድ የወደቀውም በቤተ መንግሥት ደጅ በላቡ በሠራው የሕዝብ ልጅ ላይ ነበር።

ጥፋቱን ልዩ የሚያደርገው ደግሞ የጥበቡ ጠባይ ነው። ጥንታዊው የክመር ውዝዋዜ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈው በመጽሐፍ ተጽፎ ሳይሆን ከአካል ወደ አካል ነው። የአንድ ረጅም ተውኔት ሙሉ አካሄድ የሚገኘው በአንዲት አሮጊት መምህርት ጉልበትና ጣቶች ትውስታ ውስጥ ነው። እርሷ በሩዝ ማሳ ላይ ወድቃ ስትቀር ተውኔቱ አብሮ ይቀበራል።

ከተረፉት ጥቂቶች አንዷ ቺያ ሳሚ ነበረች። በ1919 የተወለደችው ይህች መምህርት በስድስት ዓመቷ ግድም ቤተ መንግሥት ገብታ በሴት ገጸ ባሕርይ ውዝዋዜ ታዋቂ ሆነች። የባሏ ታናሽ ወንድም ሳሎት ሳር ይባላል፤ ዓለም የሚያውቀው ፖል ፖት በሚለው ስሙ ነው። ጥበቧን ለመቅበር የተነሣውን ኃይል የመራው ሰው የቤተሰቧ አባል ነበር። እርሷ ግን በገጠር የግዳጅ ሥራ ስትማቅቅ ከቆየች በኋላ ወደ ፕኖም ፔን ተመልሳ በ1994 እስክታርፍ ድረስ አስተማረች። በ2021 ያረፈችው ኤም ቲያይም ከቤተ መንግሥቱ ዘመን የተሻገረች ሌላዋ ታላቅ ዘማሪና መምህርት ናት።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ እንደገና ሲከፈት የተረፉት መምህራን ተሰባሰቡ። አንዷ የክንዱን እንቅስቃሴ፣ ሌላዋ ዜማውን፣ ሦስተኛዋ የእግሩን አካሄድ እያስታወሱ የተበጣጠሰውን ቀጠሉት። ከተማሪዎቻቸው ብዙዎቹ ወላጅ አልባ ልጆች ነበሩ። በዚያው ዘመን ከታይላንድ ድንበር አጠገብ ባሉት የስደተኞች ሰፈሮችም ውዝዋዜ ለሕፃናት ይሰጥ ነበር። የሚበላው በራሽን በሚታደልበት፣ ቤቱ ከሸራና ከቀርከሃ በሆነበት ቦታ ሰዎች ልጆቻቸውን ጣት ማጠፍ አስተማሩ። ጥበብ ለሆዱ ለጠገበ ብቻ ነው የሚለውን አባባል ከዚህ የበለጠ የሚያፈርስ ማስረጃ ያለ አይመስልም።

እንግዲህ በእራቱ አዳራሽ የምትታየው የሃያ ዓመት ወጣት ጣቷን የምታጥፈው እነዚያ ጥቂት አሮጊቶች በሕይወት ስለተረፉና ያወቁትን ስላልሸሸጉ ነው። የሲየም ሪፕ አስተዋዋቂ ሊናገረው የሚገባው ታሪክ ይህ ነበር።

የአንድ ሰዓት ትርዒት ስንት ዓመት ይፈጃል?

ከአንድ ሰዓት ትርዒት በስተጀርባ ያለውን ሥራ ማስላት አስቸጋሪ አይደለም። ተማሪዋ ሥልጠናዋን የምትጀምረው አጥንቷ ገና ሳይጠነክር፣ ከስድስት እስከ ስምንት ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ጣቶቿ ወደ ኋላ እንዲታጠፉ፣ ክርኗ ከልኩ አልፎ እንዲለጠጥ፣ ጀርባዋ ቀስት ሆኖ እንዲቆይ በየማለዳው ትሠራለች። መምህራኑ ቁመቷንና የፊቷን ቅርጽ አይተው ከአራቱ ገጸ ባሕርያት ለአንዱ ይመድቧታል። እነዚህም ሴት፣ ወንድ፣ ጭራቅና ዝንጀሮ ናቸው። የወንዱንም ክፍል በአብዛኛው የሚጫወቱት ሴቶች ሲሆኑ፣ የዝንጀሮው ክፍል በዘመናችን ለወንዶች የተተወ ነው።

ከዚያ በኋላ ክባች የሚባሉት የእጅ ቋንቋዎች ይመጣሉ። ቀንበጥ፣ ቅጠል፣ አበባና ፍሬ፤ የአንድ ዛፍ ሕይወት በአንድ እጅ ላይ ይነበባል። እነዚህ በልዩ ልዩ መንገድ እየተቀናጁ ፍቅርን፣ ኀዘንን፣ እምቢታን፣ ልመናን ይናገራሉ። ተማሪዋ ሥራዋን ከመጀመሯ በፊትም ሆነ በየጊዜው ሳምፒያ ክሩ በተባለው ሥርዓት ለመምህራንና ለቀደሙት የጥበቡ መናፍስት ክብር ትሰጣለች። ወደ መድረክ ስትወጣ ደግሞ ልብሷ በላይዋ ላይ በመርፌ ይሰፋል።

የገበያው ፍላጎት በአንጻሩ ከዚህ ሁሉ የሚወስደው የተወሰነ ነው። እራት የሚበላ ሰው በዘማሪዎች እየተተረከ ለሰዓታት የሚዘልቅ ተውኔት አይከታተልም። ስለሆነም ከተውኔቱ አንድ ቁራጭ ይወሰዳል። ሳቅ የሚያስነሣው ዝንጀሮና ዓይን የምትማርከው አፕሳራ ተፈላጊ ናቸው። ጭራቁ ግን በዚያ ምሽት ከአምስቱ ውዝዋዜዎች በአንዱም አልታየም፤ ረጅም የቃል ትረካም አልተሰማም። ገበያው የማይጠይቀውን ክፍል የሚማር ልጅ እየቀነሰ ቢሄድ ሊያስደንቅ አይገባም። ጥበቡ በዚህ ሁኔታ የሚሞተው በጠላት እጅ ሳይሆን በምርጫ ነው፤ የሚሸጠው ክፍል ይኖራል፣ የማይሸጠው ክፍል ከመጨረሻዋ መምህርት ጋር ይሄዳል።

ይህ ፍርሃት የአንድ ጸሐፊ ቅዠት አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በ2003 የካምቦዲያን ንጉሣዊ ባሌት ከሰው ልጅ ታላላቅ የቃልና ግዙፍነት የሌላቸው ቅርሶች አንዱ ነው ብሎ ያወጀ ሲሆን፣ በ2008 በዝርዝሩ ላይ አስፍሮታል። ድርጅቱ ስለዚሁ ቅርስ በሰጠው መግለጫ የገንዘብና የመድረክ እጥረትን ካወሳ በኋላ ጥበቡ ተራ የቱሪስት መሳቢያ ሆኖ የመቅረት አደጋ እንዳለበት አስገንዝቧል።

ነገሩን ከአንድ ወገን ብቻ ማየት ግን ፍትሐዊ አይሆንም። የእራቱ ገበታ ለብዙ ወጣት ተወዛዋዦችና ሙዚቀኞች እንጀራ ነው። በ2019 ወደ 6.6 ሚሊዮን የውጭ ጎብኚዎች ካምቦዲያን ጎበኙ። በ2020 ወረርሽኙ ሲገባ ቁጥሩ ወደ 1.3 ሚሊዮን አሽቆለቆለ፤ በ2021 ደግሞ ከ200,000 በታች ሆነ። አዳራሾቹ ጨለሙ። ዓመታትን በሥልጠና ያሳለፈ እጅ ሌላ ሥራ መፈለግ ግድ ሆነበት። ጎብኚው ሲመጣ ጥበቡ ይቆረጣል፤ ጎብኚው ሲቀር ደግሞ ሠሪው ይራባል። ሁለቱም ችግሮች የሚመነጩት ከአንድ ሥር ነው፤ ይኸውም ጥበቡ ከመድረኩ በስተጀርባ የራሱ የጸና መተዳደሪያ ስለሌለው ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

መፍትሔው አዳራሾቹን መዝጋት አይደለም። ጎብኚውን ማሳፈርም አይደለም። መፍትሔው ከሚሸጠው አንድ ሰዓት የሚገኘው ገቢ ያንን አንድ ሰዓት ወደ ፈጠሩት የሥልጠና ዓመታት የሚመለስበትን መንገድ ማበጀት ነው። ይህ ደግሞ ሕልም አይደለም፤ በዚያው በካምቦዲያ አርአያዎች አሉ።

የመጀመሪያው አርአያ በሲየም ሪፕ ራሷ ይገኛል። ከስደተኞች ሰፈር በተመለሱ ወጣቶች በ1994 በባታምባንግ የተመሠረተው ፋር የተባለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለድሃ ልጆች ሥዕል፣ ሙዚቃ፣ ትያትርና ሰርከስ ያስተምራል። ተመራቂዎቹ የሚሠሩበት ሰርከስ በ2013 በሲየም ሪፕ የተከፈተ ሲሆን፣ ከትርዒቱ የሚገኘው ትርፍ ተመልሶ ትምህርት ቤቱን ይደግፋል። ተመልካቹ የሚከፍለው ገንዘብ የዛሬውን መድረክ ብቻ ሳይሆን የነገውንም ተማሪ ያኖራል ማለት ነው።

ሁለተኛው አርአያ ከአንግኮር በር ላይ ነው። በ2017 የውጭ አገር ጎብኚ የአንድ ቀን መግቢያ 37 ዶላር እንዲሆን ሲወሰን፣ ከእያንዳንዱ ቲኬት 2 ዶላር ለካንታ ቦፋ የሕፃናት ሆስፒታሎች እንዲውል ተደርጓል። ከድንጋዩ ገቢ ለሕፃናት ጤና ድርሻ መቁረጥ ከተቻለ፣ ከውዝዋዜው ገቢ ለውዝዋዜው መምህራን ድርሻ መቁረጥ የማይቻልበት ምክንያት የለም። ከአንድ እራት አንድ ዶላር ቢታሰብ እንኳ፣ የጭራቁን ክፍል የምታውቀው አሮጊት መምህርት አሥር ልጆች እንዲሰጧት ያስችላል። ገበያው የማይጠይቀውን ክፍል በሕይወት ሊያቆይ የሚችለው ከገበያው ላይ የሚቆረጥ እንዲህ ያለ ድርሻ ነው።

ሦስተኛው አርአያ ከሠሪዎቹ የመጣ ነው። ከ1979 በኋላ በተከፈተው ትምህርት ቤት ከሠለጠነው የመጀመሪያ ትውልድ አንዷ የሆነችው ሶፊሊን ቺም ሻፒሮ የሼክስፒርን ኦቴሎ ሳምሪተቻክ በሚል ርእስ በ2000 በክመር ጥንታዊ ውዝዋዜ አቀናብራለች። በጥንቱ ቋንቋ አዲስ ነገር መናገር እንደሚቻል ይህ ሥራ ያረጋግጣል። ንግሥት ኮሳማክ አፕሳራን ሲያቀናብሩ ያደረጉትም ይህንኑ ነው። ስለዚህ ጥበቡን መጠበቅ ማለት በመስታወት ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ ማለት አይደለም። ሙሉ ቋንቋውን የሚያውቅ ትውልድ እስካለ ድረስ አዲስ ዓረፍተ ነገር ይፈጠራል። አምስት ዓረፍተ ነገሮችን ብቻ በቃሉ የያዘ ትውልድ ግን እነርሱኑ እየደገመ ያረጃል።

መንገደኛውም ከኃላፊነት ነጻ አይደለም። ወደ ሲየም ሪፕ የሚሄድ ሰው እራቱን ቀደም ብሎ ጨርሶ ውዝዋዜው ሲጀመር ሹካውን ሊያስቀምጥ ይችላል። ተወዛዋዦቹ የሠለጠኑት የት እንደሆነ፣ ሙዚቃው በሕያው ጓድ የሚመታ ወይም ከካሴት የሚለቀቅ መሆኑን፣ ከክፍያው ለትምህርት ቤት የሚሄድ እንዳለ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄ የሚጠይቅ ደንበኛ ሲበዛ መልስ የሚያዘጋጅ ነጋዴ መምጣቱ አይቀርም። ከሁሉ በላይ ግን ያየው ነገር ከድንጋይ የወረደ ተአምር ሳይሆን የሰው ሥራ መሆኑን ማወቅ ይኖርበታል።

ይህ ጉዳይ የሲየም ሪፕ ብቻ አይደለም። ባህል ከእራት ጋር በሚቀርብበት ከተማ ሁሉ፣ አዲስ አበባችንን ጨምሮ፣ ተመሳሳይ ሒሳብ በየምሽቱ ይወራረዳል። በደረሰኙ ላይ ምግቡ፣ መጠጡና የአገልግሎቱ ዋጋ ተለይተው ይሰፍራሉ። የመምህሩ ድርሻ ግን በየትኛውም መስመር ላይ አይታይም። የክመር ውዝዋዜ ከ1979 በኋላ ከሞት የተነሣው ያንን ድርሻ ሳይጠይቁ ባስተማሩ ጥቂት ሰዎች ችሮታ ነው። እነርሱ አንድ በአንድ እያረፉ ነው። ጥበቡን የተረከበው ትውልድ በችሮታ ብቻ እንዲኖር መጠበቅ አይገባም፤ የሥራውን ዋጋ ሊያገኝ፣ የሚያስተምርበትም ጊዜና ቦታ ሊኖረው ይገባል።